የሰፈራችን ግሩፕ ውስጥ ማን ማን አለ?

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ስንት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ቢጠየቅ ወዲያው መልስ የሚሰጥ አይመስለኝም። የመሥሪያ ቤት አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት ወላጆች አለ፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ውሃ መጣ አልመጣም፣ የጥበቃ ደመወዝ ተዋጣ አልተዋጣ የሚባባሉበት አለ፤ የጽዋ ማኅበር አለ፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና ካስነሡ በኋላም ያልተዘጋ የሠርግ ኮሚቴ አለ። አብዛኛው ሰው ወደ እነዚህ ሁሉ የገባው ጠይቆ አይደለም። አንድ ቀን ስልኩን ሲከፍት ራሱን ውስጥ አገኘው። ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው አስገባው፤ በቃ።

እኔ ስለዚህ አገባብ ብዙ አስባለሁ። ካሉኝ ግሩፖች መካከል አንዱን ከሌሎቹ ጋር መቁጠር ስለማልችል ነው። የሰፈሬ ግሩፕ ነው፤ ሰፈሩ ግን የለም።

ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በፒያሳ የነበሩ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት መነሣት ጀመሩ፤ የእኛም ከእነሱ አንዱ ነበር። ከአንድ ቦኖ ውሃ ይቀዱ የነበሩ፣ በአንድ እድር ሬሳ ያነሡ የነበሩ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፊሉ ቦሌ አራብሳ፣ ከፊሉ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከፊሉ ዘመድ ቤት፣ ከፊሉ ደግሞ ኪራይ ወደተገኘበት ሄዱ። በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነና ከዚያም ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ስለ መነሣቱ ራሱ የምለው ብዙ አለኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። አሁን የምጽፈው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተገናኘን ነው።

ግሩፑን የከፈተችው የጎረቤታችን ልጅ ነች። ዓላማዋ ቀላል ነበር፦ የጭነት መኪና በስንት ተገኘ፣ የማን ፍራሽ ከማን ዕቃ ጋር ተጫነ፣ የቆጣሪ ውል ማን እጅ ላይ ቀረ የሚለውን ለመጠያየቅ። መግቢያ ሊንኩን ለጎረቤት ላከች፤ ጎረቤት ለልጁ ላከ፤ ልጁ ለአብሮ አደጎቹ ላከ፤ አንዱ ደግሞ በጎ ያደረገ መስሎት ብዙ ሕዝብ ባለበት ሌላ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ይህ ቁጥር ለአንድ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ በሩ ለከተማው ሁሉ ክፍት ነው ማለት ነው። ሰው ጎረፈ። አባቱ እዚያ የተወለደለት መጣ፣ አንድ ክረምት ተከራይቶ የኖረ መጣ፣ በሰፈሩ አልፎ የማያውቅም መጣ። በሳምንት ውስጥ መሬት የሚሸጥ፣ «ቤትዎ ተቀምጠው ብር ይሥሩ» የሚል፣ የውጭ አገር ቪዛ የሚያስጨርስ ሰው በመካከላችን ነበረ።

ቆየት ብሎ እኔም አድሚን ሆንኩ። እውነተኛው አድሚን ግን የእድራችን ጸሐፊ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስማቸውን መጥራት ስለማልፈልግ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ዱሮም የምጠራቸው እንደዚያ ነው። ልጃቸው ስማርት ስልክ ገዝታ ስትሰጣቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ መልእክት እንዴት እንደሚጻፍ አልነበረም። «የአባላቱን ዝርዝር አሳዪኝ» አሉኝ።

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከስም ወደ ስም እያወረዱ አነበቡ። አንዱ «የእናቱ ልጅ» ይላል፤ ሥዕሉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሌላው «የማርያም ባሪያ» ይላል፤ ሥዕሉ ጽጌረዳ ነው። አንዱ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች ፎቶ ለጥፎ ስሙን በነጥብ ብቻ ጽፏል። ሦስት ሰዎች «አዲስ» ይባላሉ፣ የአባት ስም የላቸውም። ጋሼ እስከ መጨረሻው ድረስ ወረዱና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ልጅ፣ ይህ የእናቱ ልጅ የሚባለው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማንም መልስ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው የግሩፑ ሕግ ሆነ።

እድር አባል የሚቀበልበት ሥርዓት አለው። የሚገባው ሰው ያመለክታል፤ የሚያውቀው አባል ዋስ ይሆነዋል፤ የመመዝገቢያ ይከፍላል፤ መተዳደሪያ ደንቡ ይነበብለታል። የባለቤቱ፣ የልጆቹ፣ የወላጆቹ ስም በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ እድሩ ነገ በእነሱ ሐዘን ጊዜ ድንኳን የሚተክለውና ብር የሚያወጣው በዚያ መዝገብ ነውና። የጋሼ መዝገብ በእጅ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፤ የአባላት ስም በሰማያዊ፣ የሞቱት በቀይ እስክሪብቶ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ገቢው የሚገባበትን ያውቃል፣ ተቀባዩም የሚቀበለውን ያውቃል። በስልክ ግን አንድ ሰው ሊንኩን ነካ ሲያደርግ በመሃል ላይ ደብዘዝ ባለ ትንሽ ጽሑፍ «እከሌ ግሩፑን ተቀላቀለ» ይላል፤ ቀጥሎ የመጣው መልእክት ወደ ላይ ይገፋዋል። እንኳን ደህና መጣህ ያለው የለም። እሱም እንደምን ዋላችሁ አላለም።

እኔ ይህ መግባት ነው ብዬ አላምንም። ሰው ወደ ሰዎች መካከል የሚገባው ማን እንደሆነ ተናግሮ፣ እነሱም ሰምተው ሲመልሱለት ነው። የቀረው አዝራር መንካት ነው።

አሮጌውን ሊንክ ሰረዝነውና በፈቃድ ብቻ የሚያስገባ አዲስ ሊንክ አወጣን። ቴሌግራም ሊንኩ የሚያበቃበትን ቀንና የሚያስገባውን ሰው ብዛት መወሰን የፈቀደው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ገቢው ጥያቄ አቅርቦ አድሚን ሲፈቅድለት ብቻ የሚገባበትን መንገድ ደግሞ በ2014 ጨመረ። ብዙ አድሚኖች ይህ መኖሩን ስለማያውቁ እጽፈዋለሁ። ጥያቄ ላቀረበ ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት እንልካለን፦ ስምዎን ከነአባትዎ፣ የትኛው ግቢ ይኖሩ እንደነበረና ጎረቤትዎ ማን እንደነበረ ይጻፉልን። አስቀድመው የገቡትንም ጠየቅን። በተሰጠው ጊዜ ያልመለሰ ወጣ።

የተቆጣ ነበረ። አንድ ትልቅ ሰው «እኔን ማን ነህ ትሉኛላችሁ? እናንተ ሳትወለዱ እዚያ ነበርኩ» ብለው የድምፅ መልእክት ላኩ። ጋሼ ራሳቸው ደውለው አነጋገሯቸው። መቆጣታቸው አልገረመኝም፤ በሰፈር እያሉ ማን ነህ ተብለው አያውቁምና። ግን ያ የሆነው ሁሉም ስለሚያያቸው ነበር። አሁን የሚያያቸው የለም፤ መናገር አለባቸው።

የመጡት መልሶች ግን ያልጠበቅናቸው ነበሩ። እኛ የፈለግነው ስምና ግቢ ነበር፤ ሰዎች ሰፈሩን መልሰው ጻፉልን። «ከዳቦ ቤቱ ወደ ታች ሲወረድ፣ ከታች በኩል የዛገው ቆርቆሮ በር፣ የልብስ ሰፊው ሁለተኛ ልጅ።» «እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ የበራችን ደፍ ከፍ ያለ ስለነበር የማያውቅ ሰው ይሰናከልበት ነበር።» ከውስጥም መልስ ይመጣል፦ «እኔ ተሰናክያለሁ»፤ «እናትህ የዓመት በዓል ለታ ለእኛ ጭምር ዳቦ ይደፉልን ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር»፤ «ታላቅ እህትህ አስጠንታኝ ስምንተኛ ክፍል አለፍኩ»። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ግሩፑ ለአንድ ምሽት ይሞቃል። ስለ ሰፈራችን የተጻፈ ነገር ቢፈለግ ከእነዚህ የመግቢያ መልእክቶች የተሻለ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ጋሼም አሁን እየመረጡ ከደብተራቸው ጀርባ ይገለብጧቸዋል።

ጥንቃቄው ትርፍ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። አንድ እናታችን ላይ የደረሰውን ልንገረው። ከሚያውቁት ሰው ስም «የእኅቴ ልጅ ተወዳድራለች፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር መጣላቸው። ሊንኩ ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቀ፤ ቀጥሎ በቴሌግራም የደረሳቸውን ኮድ ጠየቀ፤ ሰጡ። ያ ኮድ የገዛ ራሳቸው መለያ ቁልፍ ነበር። ሌባው በራሱ ስልክ ከፍቶ ገባና በእሳቸው ስም «ሆስፒታል ነኝ፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ጻፈ። ሁለት ሰው ላከ። ስለዚህ፦ የመጣላችሁን ኮድ ለማንም፣ ለልጃችሁም ቢሆን አትስጡ፤ ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ማስተካከያ ክፈቱ፤ ብር የጠየቀ ሰው በድምፅ ተደውሎለት እስኪረጋገጥ ድረስ አይላክለት።

ሴቶች ደግሞ ሌላ የሚያስጨንቃቸው አለ። ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ውስጥ መግባት ማለት ቁጥርን ለሁሉም አባል መስጠት ማለት ነው። ቴሌግራም ካልቀየርሽው በቀር ቁጥርሽን በስልክሽ ለመዘገብሻቸው ሰዎች ብቻ ያሳያል፤ ከእነሱም መደበቅ ያስችላል። ከአንድ የሥልጠና ግሩፕ ውስጥ ቁጥሬን ወስዶ ሌሊት የሚደውል ሰው ስላጋጠመኝ ይህን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። ቁጥርሽን ማን እንደሚያይ፣ ማንስ ወደ ግሩፕ ሊያስገባሽ እንደሚችል መወሰን ይቻላል፤ ሁለቱም ያለው በግላዊነትና ደኅንነት ማስተካከያው ውስጥ ነው። ዋትስአፕም ማን ሊያስገባን እንደሚችል የምንወስንበትን ማስተካከያ በ2011 ዓ.ም. አምጥቷል። ሰውን ሳይጠይቁ ማስገባት ውለታ አይደለም። «ላስገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ የመርዶ ነገር ነው።

ካዛንቺስ አካባቢ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ወላጆቿ ወሎ ነበሩ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። የአጎቷ ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ሳይጠይቃት ያስገባት የትውልድ አካባቢዋ ልጆች ግሩፕ አለ። እዚያ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ተደጋግሞ አየች። አጠገቧ ስለነበርኩ እጇ ላይ የሆነውን አይቻለሁ። መጀመሪያ ወደ ላይ ሳበችው። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ነፍስ ይማር። ስሙ ጋ ስትደርስ ቆመች። ስሙ የእናቷ ነው፣ ግን በዚያ አገር በዚያ ስም የሚጠሩ ብዙ ናቸው፤ «የማን እናት ናት?» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ፎቶ ወጣ። እናቷ ነጭ ለብሰው፣ እሷ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ከጎናቸው የቆመችበት፣ የምረቃዋ ቀን ፎቶ ነበር። ፎቶውን ለቤተሰብ የላከችው ራሷ ነበረች።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቿ በዚያ ሰዓት ተሰብስበው እየመከሩ ነበር። አጎቷ መኪና ተከራይተዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ሰው በርከት ብሎ፣ ንስሐ አባቷ ባሉበት ሊነግሯት ተስማምተው ነበር። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው። ሰው ብቻውን ሳለ፣ መንገድ ላይ ሳለ አይነገርም። የሚይዘው ሰው መኖር አለበት፤ አብሮት የሚያለቅስ መኖር አለበት፤ ልጆች ካሉ ልጆቹን የሚወስድ መኖር አለበት። አባቶቻችን ይህን ያወጡት ለወግ ሲሉ ብቻ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ያልተረዳ ሰው ምን እንደሚሆን ስላዩ ነው። እሷ ግን በሥራ ቀን፣ ከኮምፒውተር ፊት፣ በእኔና በሁለት ለልምምድ በመጡ ተማሪዎች መካከል ተረዳች። ምን ማድረግ እንደሚገባ ያወቀችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነች፤ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች፣ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት፣ ከኋላዋ ሆና ይዛት ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን መልእክት የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም። ማዘኑን ሊገልጽ ነው የጻፈው። ልጅቷ እዚያ ውስጥ መኖሯን ግን አላወቀም፤ የመግባቷን ትንሽ ጽሑፍ ማንም አላነበባትም፤ ስሟንም ማንም አልጠራም። በር ላይ ስሟን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቅ ነበር፤ ከታወቀም የጻፈው ሰው እጁ ይያዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ግሩፕ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሰው ሲያርፍ ጋሼ «መርዶው ተነግሯል» ብለው እስኪጽፉ ድረስ ማንም ስም አይጽፍም፤ የጸሎት እጅ ምልክትም አይለጥፍም። ዱሮ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ማለዳ ተነሥቶ በየመንገዱ የሚለፍፈው ቤተሰቡ ካወቀ በኋላ ነበር፤ ጋሼ ይህን ለወጣቶቹ ደጋግመው ያስረዳሉ። ውጭ አገር ያለ ልጅ ካለ ከባድ ነው። ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ላለ ሰው ዘመድ ወይም ወዳጅ ፈልጎ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲነግረው ማድረግ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ነገር ይዞ ዝም ይላል። እስካሁን ዝም ብለውልኛል፤ በዚህ እኮራባቸዋለሁ።

ከዚያ ያላሰብነው መጣ። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ሰው ከእሱ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ወደ ላይ ስቦ ማንበብ ይችላል፤ ተደብቆ እንዲቆይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ እኛ ግን ክፍት አድርገነው ነበር። ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው አንድ አብሮ አደጋችን ገባ፣ ስሙን ጻፈ፣ በደስታ ተቀበልነው። ያን ሌሊት ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። አሳዳጊው የነበሩት ጎረቤት፣ ያስተማሩት መምሬ፣ አብሮት ኳስ ይጫወት የነበረ ልጅ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሞቱበት። ጠዋት «ሁሉም አልቀዋል እኮ» ብሎ ብቻ ጻፈ።

እኔ የድሮውን መልእክት እንደብቀው አልኩ። ጋሼ አልተስማሙም፤ «ቢደበቅስ? ነገ ስማቸውን ጠርቶ ደህና ናቸው ወይ ሲል ማን ሊመልስለት ነው?» አሉ። አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው፦ ከሩቅ ያለ ሰው የመግቢያ ጥያቄ ሲያቀርብ ቶሎ አይፈቅዱም። ደብተራቸውን ገልጠው በቀይ ከተጻፉት መካከል ለዚያ ሰው ቅርብ የነበሩትን ይመርጣሉ። ከዚያ ይደውሉለታል። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። አጠገቡ ሰው መኖሩን ይጠይቃሉ። «ከመግባትህ በፊት የምነግርህ አለ» ይላሉ፣ አንድ በአንድም ይነግሩታል። አንዳንዱ ጋር አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ይልኩልኛል፦ «አስገቢው»።

ለቅሶ መድረስንም በተመለከተ ጋሼ አይደራደሩም። ግሩፑ ላይ ነፍስ ይማር መጻፍ መገኘት ተብሎ አይቆጠርላቸውም። እድራችን አልፈረሰም፤ አንዳንድ እድሮች ገንዘባቸውን ተከፋፍለው ሲበተኑ የእኛ ቀጥሏል። መዋጮው በቴሌብር ይላካል፤ ድንኳኑና ወንበሩ በአንድ አባል መጋዘን በኪራይ ተቀምጧል። ቀብር ሲኖር ከቦሌ አራብሳ ጭምር ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፣ ጋሼም ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው በደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ስልኩ ሰዓቱንና ቦታውን ይናገር፤ ንፍሮ የሚበላውና ቆሞ የሚሸኘው ሰው ነው።

ስማርት ስልክ የሌላቸው አሉ። ለእያንዳንዳቸው ከግሩፑ አንድ ሰው መድበናል፤ የተጻፈውን ደውሎ ይነግራቸዋል። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ በድምፅ ይልካሉ፣ ድምፃቸውም ከማንኛችንም ጽሑፍ ይልቅ ይደመጣል። የሁሉም ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በሦስት ሰዎች ቤት ይገኛል። ይህን ያስተማረን ኑሮው ነው፦ በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በ2015 ደግሞ ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲል፣ በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ግሩፕ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሁን የከተማው ዳርና ዳር ላይ ተበትነን ሳለን ያ ቢመለስ ያለ ወረቀቱ አንገናኝም።

ሰሞኑን ከጋሼ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። የመግቢያ ጥያቄ ከሚያቀርቡት መካከል አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ግቢ አልነበረኝም። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሊስትሮ ነበርኩ። አሁን ሹፌር ነኝ።» ስሙን ከነአባቱ ጽፏል። ስሙን ግን ማንም አያስታውስም፤ በዚያ ዘመን ሁላችንም «ሊስትሮ» እያልን ነበር የምንጠራው። ጋሼ ደብተሩን ገለጡ፤ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ተከራይና ደባል እንኳ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም ነበር፣ እንኳንስ በደጃፍ የሚውል ልጅ።

«ጎረቤቴ ማን ነበር» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ረጅም ነው። የሰፈሩን ሰው በጫማው ነው የሚያውቀው። የልብስ ሰፊው ጥቁር ጫማ ቀዳዳ እንደነበረውና በቀለም እየሸፈነ እንደሚያሳልፍላቸው ጽፏል። ጋሼ ራሳቸው ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰሞን ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት እንደሚያስጠርጉ፣ ሲከፍሉም መልስ እንደማይቀበሉ ጽፏል። ስለ አባቴ ደግሞ፦ «ቡናማ ጫማ ነበራቸው፤ የግራው ተረከዝ ወደ ውጭ በኩል ይበላ ነበር።» አባቴ ግራ እግሩን ጎትቶ ይራመድ ነበር። ይህን ከቤተሰባችን ውጭ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ጋሼ መልሱን ደጋግመው አንብበውታል። ልባቸው እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው ይላሉ፤ አንዱን ያለ መዝገብ ካስገባን ነገ ለሌላው ምን ልንል ነው? የእኔ ክርክር መዝገቡ የተጻፈው ቤት ባላቸው ሰዎች ስለሆነ የሰፈሩን ግማሽ ብቻ ይዟል የሚል ነው። ቆሎ የምትሸጠው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ልብስ የምታጥበው የሉበትም። ቤቶቹ በነበሩ ጊዜ ይህ ልዩነት ትርጉም ነበረው እንበል፤ አሁን ባለቤቱም ሊስትሮውም ያችን መሬት እኩል ነው ያጧት። ማን ነህ ብለን ጠየቅነው፣ ከብዙዎቻችን በተሻለ መለሰ።

በሚቀጥለው ወር በ23፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ በኋላ፣ እድሩ ሲሰበሰብ ጉዳዩ ይቀርባል። እስከዚያ ጥያቄው ስልኬ ላይ አለ፤ ፍቀጂ ወይም ከልክዪ ይለኛል፤ አልነካሁትም፣ የእኔ ብቻ ውሳኔ አይደለምና። ድምፄን ግን አሁን እናገራለሁ፦ ይግባ። ከዚያም አልፎ መዋጮ እየከፈለ የእድሩ አባል መሆን ከፈለገ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ለጋሼም በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ።